ከጠርሙሷ የጎደለው

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለዘርፉ፣ ጅዳ።

እንደምነሽ እህቴ? ወገብሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለው? እንቅልፍ ትተኛለሽ? የዚያ አገር ሙቀት ከእኛ ከናዝሬት ይብሳል ይላሉ፤ እንዴት ቻልሽው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ነው።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆቼ ከሚሆኑት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የቆጠርኩት ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፉልሽ ፖስታ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ሰውዬ ነበሩ። እኔ ተናድጄ የምናገረውን እሳቸው ናፍቆትሽ በረታብኝ እያሉ ያለዝቡት ነበር። እናታችንን ብቻዬን እንዳስታመምኩ፣ ብቻዬን እንደቀበርኩ፣ አንቺ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልከሽ እንደተገላገልሽ ስንት ጊዜ አስጽፌ ነበር። አንዱም የደረሰሽ አይመስለኝም። እነሆ፣ አሁን ደረሰሽ።

የአሰቡ መኪና ነጂ ገርባ የላክሽውን አምጥቶልኛል። አንድ ወረቀትና በመሐረብ የተጠቀለለች፣ አውራ ጣት የማታክል ጠርሙስ። ወረቀቱ ልጅሽን የሺዓለምን ላኪልኝ ይላል። አንቺ ካለሽበት ቤት አጠገብ ሠራተኛ የሚፈልጉ ደግ ሰዎች አሉ፣ ቪዛውን እነሱ ይልኩላታል ይላል። ስለ ጠርሙሷ ግን አንድ ቃል የለበትም። ብከፍታት ግማሽ ናት። ገርባን ጠረጠርኩና ሰደብኩት። እሱም፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ እኔ ናፍጣ ለናፍጣ የምውል ሰው ቅባት ለማን ልቀባ ብዬ እሰርቃለሁ ብሎ ሳቀብኝ።

ምንነቱን ማን ነግሮኝ ነው? ወፍራም ቅባት ሲሆንብኝ የራስ ቅባት ነው ብዬ፣ እንደ ቅቤ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አናቴን ቀባሁት። ሽታው መጀመሪያ ሞጆ ላይ መኪና ሲቆም የሚመጣውን የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይመስል ነበር። መንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው ብዬ ሻሼን አሰርኩበትና ልቅሶ ሄድኩ። ሰፈራችን አቶ ተክለሃይማኖት አርፈው ነበር። የድንኳኑ ሙቀት ሲያገኘው ያ የቆዳ ሽታ ጠፋና ሌላ ነገር ወጣ። ምን ልበልሽ፣ የሙሽራ ጓዳ የተከፈተ ይመስል ድንኳኑን ሞላው። የሟቹ እህት ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለች። ከጎኔ የነበሩት ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። አንዷ፣ ወሰኔ ዛሬ ልትዳሪ ነው እንዴ አለችኝ። ሌላዋ፣ ተዪአት፣ እህቷ ዓረብ አገር ናት፣ የእኛ ሐዘን ምኗ ነው አለች። በዚህ ዕድሜዬ ለሬሳ ሽቶ ተቀብታ የሄደች ተባልኩልሽ።

ያወጣችኝ ቡዜ ናት። አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ጎረቤቴ ናት፣ ድሮ የየመን ነጋዴ ቤት ስትሠራ የኖረች። እጄን ይዛ ከድንኳን አወጣችኝና፣ አቦ ወሰኔ፣ ይህ እኮ ዑድ የሚሉት የዓረብ ሽቶ ነው፣ አንዲት ጠብታ ቀኑን ሙሉ የምትበቃውን አንቺ እንደ ወጥ ዘይት ደፋሽው አለችኝ። ራሴን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፤ ትራሴ ሳይቀር እስካሁን ይሸታል።

እፍረቱ በረድ ሲልልኝ ግን ነገሩ አላስቀምጠኝ አለ። ቡዜ እንዳሳየችኝ፣ ከክዳኑ ጋር በተያያዘችው ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ የእጄን አንጓና ከጆሮዬ ኋላ ብቻ ነካ አደረግሁ። እንዳላሸው ከለከለችኝ፤ ዝም ብለሽ ጠብቂው አለች። ጠበቅሁት። ጠዋት ያው በረት በረት ይላል። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ የመታው እንጨት ሲጨስ ይመስላል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከወንጂ በኩል ነፋስ ይዞት የሚመጣውን የተቃጠለ ስኳር ሽታ መሰለኝ፤ ግን ነፋስ አልነበረም፣ ከራሴ ቆዳ ነው የመጣው። ሲመሽ ደግሞ የእናታችን ሳጥን፣ የክት ልብሷ የነበረበት፣ ሲከፈት የሚሸተው ሆነ። ክንዴን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሌላ ቀን ሞከርኩት፤ ዳመና ነበርና ስኳሩ ሳይመጣ ቀረ። የሺዓለም ብትቀባው ደግሞ እሷ ላይ ከመጀመሪያውም ጣፋጭ ነው። አንድ ነገር እንዴት በሰው በሰው ይለያያል? ቡዜ ዑድ የሚወጣው ከታመመ ዛፍ ነው አለችኝ፤ ጤነኛው እንጨት አይሸትም፣ ሕመሙ ነው የሚሸተው አለች። እንዲህ ከሆነ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሽታዬ አገር አላዳረሰ አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሺዓለም ልቧ ሸፍቷል። ሽቶው የመጣበትን መሐረብ ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። እኔ ደግሞ የምትሄድበትን ቤት በዓይኔ አላየሁት፤ የማውቀው ይህችን ግማሽ ጠርሙስ ነው። ቡዜን ግማሹ የት ሄደ ብዬ ብጠይቃት፣ እመቤት የሰለቻትን ለሠራተኛ ትሰጣለች አለች፤ ወይ ደግሞ ሠራተኛ ከደመወዟ ገዝታ የዕረፍቷ ቀን ትቀባዋለች፣ ከጠርሙሱ አይታወቅም አለች።

እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ። የጎደለው በማን አንገት ላይ አለቀ? የእመቤቲቱ ትራፊ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም፣ ልጄ ግን ከዚህ ንቅንቅ አትልም። ራስሽ ገዝተሽ፣ ራስሽ ተቀብተሽ፣ ከራስሽ ከፍለሽ የላክሽልኝ ከሆነ ግን፣ እዚያ የራስሽ የሆነ ቀን አለሽ ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷን ራሴ እሸኛታለሁ። ስትቀቢው የት ነው የምትሄጂው? ከማን ጋር ትስቂያለሽ? አንቺ ላይ ቀትር ሲሆን ምን ይሸታል? ይህን ሁሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእናታችንን ነገር ስትመጪ እንጣላበታለን።

የሺዓለም ጉልበትሽን ትስማለች። ወንድማችን አምባዬ ከወንጂ በመጣ ቁጥር ያነሣሻል፤ ሚስቱ አበባም ደኅና ሁኚ ብላለች። ቡዜ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። የምታሳድጊያቸውን የሰው ልጆች ሳሚልኝ፤ እነሱ ምን አደረጉ።

ወረቀቱን ያጠፍኩት ዑድ በነካ እጄ ነው። ከማንበብሽ በፊት አሽትቺው። ያንቺ ከሆነ ታውቂዋለሽ።

እህትሽ ወሰንየለሽ
ናዝሬት፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.