የበረዶ ቡድን አለቃ የአቶ ባንቲሁን ዕረፍትና ሳይዘጋ የቆየው የ1918ቱ ጨዋታ

በጅቡቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃና የገና ጨዋታ ማኅበር
ካርቲየ 1፣ ሰኔ 13 ቀን 1926 ዓ.ም.

ለማኅበርተኞች፣ ለበረዶ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ለባቡር፣ ለወደብና ለጨው ቡድኖች፣ ለወዳጅ ጎረቤትም ሁሉ

አስቀድመን የወይዘሮ የውብዳርን ጤና ለምትጠይቁን ሁሉ፤ ትኩሳቱ ከትናንት ጀምሮ ለቀቅ አድርጓቸዋል፣ ዛሬ ጠዋትም ጥቂት አጥሚት ቀምሰዋል። እግራቸው ግን እንዳበጠ ነው። ልጃቸው ኤሌኒ ከድሬዳዋ በባቡር ገብታ አጠገባቸው ናት። ጡት የሚጠባውን ልጇንም ይዛ መጥታለች፤ ሕፃኑ ሙቀቱ ከብዶት ያለቅሳል እንጂ ደህና ነው። ጎረቤታችን ሐምዲያ ከቅዳሜ ጀምራ ቤቷን ዘግታ ውሃ እያመላለሰችልን ነው፤ እግዜር ይስጣት። ይህን ያስቀደምነው መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ ወሬውን ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

የወይዘሮ የውብዳር ባለቤት፣ የማኅበራችን መሥራችና የበረዶ ቡድን አለቃ የነበሩት አቶ ባንቲሁን ገብረማርያም፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታመሙ ቆይተው ቅዳሜ ሰኔ 9 ቀን ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሐዘን ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚጻፍ ቃል ነው ትሉ ይሆናል። ዘንድሮ ግን ሐዘኑ አንድ ብቻ አልሆነልንም፤ ወረቀቱም የረዘመው ለዚህ ነው።

በ1899 ዓ.ም. አቶ ባንቲሁን ከተጉለት ወርደው ከሐዲድ ሠሪዎች ጋር ጅቡቲ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ሐዲዱን ትተው በረዶ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ለምን ሲባሉ «እዚያ ብርዱ ውስጥ ስገባ እናቴ ቤት የገባሁ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

በ1903 ዓ.ም. በዚህ ከተማ የመጀመሪያውን የገና ጨዋታ ቡድን አቋቋሙ። ጫፉ የቆለመመው ዱላ ከደጋ በባቡር ተጭኖ ይመጣ ነበር። ሩሯን፣ ማለት በዱላ የምትመታዋን ኳስ፣ ማኅበርተኛችን ወይዘሮ ወርቅነሽ እዚሁ ቆዳ እየሰፉ ያዘጋጁ ነበር። ሜዳ ስላልነበረን አቶ ባንቲሁን ከራስ ዲካ ሰፈር በታች ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረውን ነጭ ጠፍ መሬት መርጠው ወሰን አሰመሩበት። የእኛ ጨዋታ እንግዲህ በፀሐይ አይለካም፤ ባሕሩ ሲመለስ ነው የሚያልቀው።

በ1906 ዓ.ም. ፋብሪካው ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈል ጀመረ። ጠዋት በረዶ ይጭናሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይለማመዳሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነበር። ባቡር፣ ወደብና ጨው ማምረቻውም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አራቱ ቡድኖች ሁለት ሁለት ሆነው ለማጣሪያ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፉት ደግሞ በገና ዕለት ለመጨረሻው ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ዓመት በረዶ በማጣሪያው በጨው ተሸነፈ። ጨዎች «በረዶን ምን ያሟሟዋል? ጨው!» እያሉ ሰፈራችንን ካርቲየ 1ን ሲዞሩ ዋሉ። አቶ ባንቲሁን ያን ዕለት እራት አልበሉም፣ ወይዘሮ የውብዳር እንደነገሩን።

በ1910 ዓ.ም. በረዶ ባቡርን በመጨረሻው አሸንፎ የሽልማቱን ሰንጋ ወሰደ። በዚያ ጨዋታ ባሕሩ ሩሯን ወስዶ በሌላ ስለተተካች ትልቅ ጠብ ተነሥቶ ነበርና አቶ ባንቲሁን ሕግ አጸኑ። ጨዋታ በጀመረባት ሩር ያልቃል። ሩሯ ተመልሳ እጅ እስክትገባ ጨዋታው ክፍት ነው፤ ጨዋታው ክፍት እያለም ተጫዋች ከሜዳ ወጣ አይባልም። አራቱም ቡድኖች ማሉበት። ጠቡም ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 1918 ዓ.ም. በረዶና ባቡር ለመጨረሻው ተገናኙ። በረዶ በአንድ ይመራ ነበር። ባሕሩ መመለስ ሲጀምር፣ በዚህ ከተማ አይተነው የማናውቅ ጉም ከውሃው ተነሥቶ ሜዳውን ሸፈነው። የባቡር አለቃ አቶ አምሀ የመቷት ሩር ወደ ወሰናችን አመለጠች። ተከላካያችን ጋሻው ሽብሩ፣ የወይዘሮ ወርቅነሽ አንድ ልጅ፣ ሊያቆማት ተከትሎ ጉሙ ውስጥ ገባ። ዱላው ሩሯን ሲመታ ሰማን የሚሉ አሉ፤ አልሰማንም የሚሉም አሉ። ጉሙ ሲገለጥ ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበር። ልጁም ሩሯም አልተገኙም። የአፋር ዓሣ አጥማጆች ጀልባ አውጥተው ፈለጉልን፤ ዱላውን እንኳን አላገኙም።

ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ባንቲሁን በጋሻው ቦታ ሌላ ሰው አላቆሙም፤ በአንድ ሰው ጎድለን ነበር የምንጫወተው። በዚያ ጎን የምትመጣ ሩር ወሰኑ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መሐል ትመለሳለች። መሬቱ አዘንብሎ ይሆናል ብለን ውሃ አፍስሰን አይተናል፤ ውሃው የሄደው ወደ ባሕሩ ነው። በነዚያ ዓመታት በረዶ የመጨረሻውን ጨዋታ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ወደቦች «ቁጠሯቸው እባካችሁ፤ እነዚህ ሰው ይጨምራሉ!» እያሉ ይጮኹብን ነበር። በኋላ ጩኸቱንም ተዉት፣ ወደዚያ ጎን መምታቱንም ተዉት። ሰንጋውን አቶ ባንቲሁን አንድ ዓመት እንኳን አልተቀበሉም። የ1918ቱ ሳይዘጋ የምን ሽልማት ነው ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ወርቅነሽስ? ጨዋታው ክፍት ስለሆነ ልጃቸው ሞተ አልተባለም። ሞተ ስላልተባለ ማኅበሩ ድንኳን አልጣለላቸውም፣ ፍትሐት አልተደረሰለትም፣ እሳቸውም ጥቁር አልለበሱም። የሰው ልቅሶ ሲደርሱ፣ ሲያጽናኑ፣ ወጥ ሲሠሩ ይውላሉ፤ በገዛ ሐዘናቸው ግን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ለገና ለገና «ዘንድሮስ ትዘጉልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አቶ ባንቲሁን አንገታቸውን ደፍተው «ሩሯ ትምጣ፣ እትዬ ወርቅነሽ» ይሏቸዋል።

አሁን ቅዳሜና እሑድ የሆነውን እንጽፋለን፤ ከሌላ ሰው ተጣሞ እንዳትሰሙት።

ኤሌኒ እስክትደርስ አስከሬኑ አንድ ቀን መቆየት ነበረበት። በሰኔ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የፋብሪካው በረዶ ጫኝ አቶ እሸቴ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ በጋሪ አምጥተው ከአልጋው ሥር ደረደሩ። ጆንያውን ሲገልጡ በአንዱ በረዶ መሐል ሩር ነበረች። የቆዳ ሩር፤ ስፌቷ ሳይቀር ይታያል። አቶ እሸቴ «ውሃው በጨርቅ ተጣርቶ ነው በረዶ የሚረጋበት ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባ፤ እንኳን ሩር ዝንብ አያልፍም!» ብለው ማሉ። እንስበረው ያሉ ነበሩ፤ መምሬ ኃይለማርያም ግን «ተዉ፣ በራሷ ትውጣ» ብለው ከለከሉ።

ሌላው በረዶ ሁሉ ለማታ ውሃ ሆኖ በደጃፉ ፈሰሰ። ያ አንዱ ግን ጠርዙ እንኳን አልረጠበም። እናንተ፣ በሰኔ፣ በጅቡቲ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ነጠላ ደርቦ ነው የተቀመጠው! እሑድ ኤሌኒ ገብታ አባቷን ስማ አለቀሰች፤ ያኔም አልቀለጠም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ይህ ሁሉ ሲሆን እንደ ልማዳቸው ማጀት ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ ማናችንም ልንነግራቸው አልደፈርንም። በመጨረሻ ሐምዲያ ናት «ነይ እናቴ» ብላ በእጇ ይዛ ያስገባቻቸው።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከኩና በረዶውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ነጩ ክር አልቆብኝ መጨረሻዋን በሰማያዊ ሰፋሁት» አሉ። እኛም አየነው፤ ሰማያዊ ነበር። መዳፋቸውን በረዶው ላይ አሳረፉ። በረዶው ያን ጊዜ መንጠብጠብ ጀመረ። መምሬ ዳዊታቸውን ደግመው ሳይጨርሱ ሩሯ በወይዘሮ ወርቅነሽ እጅ ላይ ወደቀች። ከበረዶ የወጣች ሩር እንደምን ትቀዘቅዛለች ብለን ተራ በተራ ነካናት፤ ሙቅ ነበረች፤ ገና አሁን ከሰው እጅ እንደ ወጣች።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ያስታውቃል። የ1918ቱ የገና የመጨረሻ ጨዋታ ተዘግቷል። የበረዶ ቡድን ተከላካይ ጋሻው ሽብሩ ከሜዳ ወጥቷል፤ ማረፉንም በይፋ እናረዳለን። ፍትሐቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሁለቱም ስም ተደርሷል። ሩሯ በወይዘሮ ወርቅነሽ ፈቃድ ከአቶ ባንቲሁን መቃብር ጎን በጋሻው ስም ተቀብራለች። ድንኳኑም ለሁለቱ ነው፤ ልቅሶ የምትደርሱ ሁሉ ለወይዘሮ የውብዳር ካለቀሳችሁ በኋላ ወዲያው እንዳትወጡ፣ ለወይዘሮ ወርቅነሽም አልቅሱ። ስምንት ዓመት የቆየ ልቅሶ ነውና አታሳጥሩት። ለሁለቱም ወይዘሮዎች፣ ለኤሌኒና ከሟቾቹ ጋር በረዶ ለጫኑ ባልደረቦች ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

እስከ ዛሬ ከመጡት መካከል፣ ወደቦች ሰኞ በአንድነት መጥተው ቡና በጆንያ አምጥተዋል። አንዱ ሲወጣ «እንግዲህ ለገና በዚያ ጎን ሰው ታቆማላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ጨዎች መጥተው ተቀምጠው ሄዱ። አቶ እሸቴ በየዕለቱ ይመጣሉ፤ ወደ ፋብሪካው ግን እስካሁን አልተመለሱም።

ትናንት አቶ አምሀ መጡ። ከ1918 ወዲህ ጨዋታውን ትተው በራስ ዲካ በኩል አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ከወይዘሮ ወርቅነሽ ፊት ቆሙ። «የመታኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ወሰኑን አልፋለች ወይስ አላለፈችም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሩሯ ከተመለሰች አላሳለፋትም፣ እትዬ። ልጅዎ መልሷታል። ጨዋታው የበረዶ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ «እንግዲያው ደክሞታል» አሉ። ከዚያ ሐምዲያ ያዋሰቻቸውን ጥቁር ሻሽ አሰሩና ምንጣፉ ላይ ወደ ተቀመጥነው ልቅሶኞች ዞሩ።

«እስቲ ፈቀቅ በሉልኝ፤ ልቀመጥ» አሉን።