ትእዛዝ ሳይጠብቁ ስለተሻገሩት ወጣት መኮንን

ምክትል መቶ አለቃው ከከባድ መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ተወለዱ። ሲወለዱ ትንፋሻቸው ሰለል ያለ ስለነበር ይህን ታሪክ የጻፈችው አያታቸው በደረቷ ለጥፋ ነው ያሞቀቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሐሳብ ለቅቋት አያውቅም። አንቱታው ለአያት ብዕር ይከብዳል፤ ግን ማዕረጋቸው ነውና ይሁን።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቀዋል። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ እጃቸውም አያርፍም። የቤቱን ሬዲዮ ፈታተው ሲገጥሙት ብሎን ተርፎ አባታቸው ሊቆጡ ሲሉ ሬዲዮው ከድሮው አስበልጦ ጮኸ።

ከዚያም ጦር አካዳሚ ገብተው በመሐንዲስ ሙያ ተመረቁ። በምረቃው ዕለት አያታቸው፣ «እሰይ! መሐንዲስ ከኋላ ነው የሚሠራው» ብላ እልል ስትል ፊታቸው ቀላ፤ «እማማ፣ ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አሉ።

በሥራ ዘመናቸው የሠሯቸው ድልድዮች ቁስለኛ የጫኑ መኪኖችን አሻግረዋል። ይህ ሊያኮራቸው በተገባ ነበር። ነገር ግን በመኮንኖቹ ክበብ በመስኮቱ ጥግ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ማንም ባይጽፈውም፣ ውጊያ ገብቶ የማያውቅ መኮንን እዚያ አይቀመጥም፤ ሻዩን ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይጠጣል። እኩዮቻቸው ከጠረጴዛው ሆነው፣ «መቶ አለቃ ብሎን! ጠላት መጣልህ፣ መፍቻህን ያዝ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አብረው ይስቃሉ፤ ቤት ሲመጡ ግን እህል አይቀምሱም። እናታቸው «ምን ሆንክ?» ስትል «ምንም» ነው መልሱ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲዘረጉ ታዘዙ። የሻምበል አዛዣቸው በሬዲዮ፣ «ማዶው ከፈንጂ ሳይጸዳ አንድ ሰው እንዳይሻገር» ብለዋቸዋል። ድልድዩ እንዳለቀ ከማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ተኩስ ተሰማ። መቶ አለቃውም ወታደሮቻቸውን «ተነሱ!» አሉ። ትዳር ከያዘ ገና ወር ያልሞላው ወታደር፣ «መቶ አለቃ፣ ማዶው ተፈትሿል እንዴ?» ሲላቸው፣ «ጅብ ከሄደ ልንጮህ ነው? ተከተሉኝ!» ብለው ቀደሙ።

መቅደሙን ቀድመዋል፤ ፈሪ አልነበሩም። ነገር ግን ፈንጂው ያንን ሙሽራና ሁለት ጓደኞቹን እዚያው ገደላቸው። እሳቸው ቆስለው ተረፉ። ጠላት የሚባል በዓይናቸው አላዩም፤ አንድ ጥይትም አልተኮሱም።

ሆስፒታል ሳሉ እኩዮቻቸው መጥተው፣ «በል ቶሎ ዳን፣ ወንበርህ ይጠብቅሃል» ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አያታቸው «የወታደሮችህ ቀናቸው ደርሶ ነው፣ የእኔ ልጅ» ብትላቸው፣ «ቀናቸው አልደረሰም፤ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ስሞት ጀግና ብላችሁ እንዳታስነብቡ» አሏት። ቁስላቸው አመርቅዞ፣ ሐኪሞች ብዙ ቢደክሙም፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዐረፉ።

ለዚህ ነው ከዚህ በቀብራቸው ላይ ከሚነበበው ወረቀት «በጀግንነት» የሚለው ቃል የጠፋው። አያታቸው ልትጽፈው እጇ ተነሥቶ ነበር፤ አንጀት መቼም አንጀት ነው። ግን የሦስቱ ወታደሮች እናቶች ለቀብሩ እየመጡ ነው ሲባል በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ልጆቻቸው ትእዛዝ አክብረው፣ አለቃቸውን አምነው ሞተዋል። የእኛ ልጅ ትእዛዝ ጥሰው፣ ፌዝ ሸሽተው ሞተዋል። ቤተሰቡ አፍሯል።

ትዳር አልመሠረቱም። አባታቸው፣ እናታቸው፣ ታናሽ እህታቸው፣ እጮኛቸውና አያታቸው በሕይወት አሉ።

የሦስቱን ወታደሮች ነፍስ ፈጣሪ በመልካም ስፍራ ያሳርፍ። የልጃችንንም ከነጥፋቷ አይጣላት። ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ እኛን ለማጽናናት አትቸኩሉ፤ እናቶቹ ይኸው ደርሰው ከግቢው በር አጠገብ ብቻቸውን ቆመዋል፤ መጀመሪያ ወደ እነሱ ሂዱ።