የከፍያለችን ባትሪ የጨረሰው

ካይሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ይህን ብርድ እንዴት ያዘው? አሁንም የሚብሰው የግራው ነው ወይስ ተራውን ለቀኙ ለቋል? እትዬ ሮማንስ ደህና ናት? ስልኳን ከማድቤት አጠገብ አነሳችው ወይስ ዛሬም የሚደውልላት ሰው ከሽንኩርት መጥበሻ ጋር ነው የሚያወራው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስቷል ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ቀበቶዬ ባለፈው ወር አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቷል።

እማዬ፣ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ከኔ እንዳልደረሰሽ አሁን አውቄአለሁ። በፋሲካ ስደውል ወደ ስልኩ ያልመጣሽው ጉልበትሽ ስላመመሽ ነው ብላ እትዬ ሮማን ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም። አንቺ ልጄ ረሳኝ ብለሽ ተቀይመሻል፤ እኔ ደግሞ እናቴ አልመልስ አለችኝ ብዬ አኩርፌአለሁ። ሁለታችንም በየቤታችን ተቀያይመን ስንቀመጥ፣ ጉዱን ያወጣችው ከጣት ጫፍ የማትበልጥ አንዲት አምፖል ናት። ታሪኩ ረዘም ስለሚል ወንበር ስበሽ አንብቢው።

ከፍያለች የምትባል ሴት አለች። እዚሁ ካይሮ ነው የተወለደችው። አባቷ በንጉሡ ዘመን ከሰላሌ መጥተው እዚህ የቀሩ ሾፌር ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፉ አንዲት አሮጌ ፔጆ ትተውላት ሄዱ፤ መሪዋ እሳቸው በሚይዙበት በኩል ተልጦ የእጃቸው ቅርጽ ቀርቶበታል። ከፍያለች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልብስ ትሰፋለች። እሑድ እሑድ ግን ከከተማው ዳር ባሉት በሸይኽ ዛይድና በ6ኛ ኦክቶበር ሰፈሮች ግቢዎች ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ አምስት እህቶቻችንን ሰብስባ ቅዳሴ ታደርሳለች፤ ማታ ትመልሳለች። እነሱ በሳምንት የሚያገኟት ዕረፍት ያቺ አንድ ቀን ብቻ ናት። ያለ እሷ መኪና ሦስት ሚክሮባስ ለዋውጠው ሲደርሱ ካህኑ «በሰላም ግቡ» ብሎ ሊያሰናብት ሲል ይደርሳሉ።

እኔ የምኖረው ከእሷ ቤት ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ እንጂ መኪና አላውቅም። ቢሆንም እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ሥራዬ መግፋት ነው። ካለፈው ገና ጀምሮ መኪናዋ እሑድ ጧት መነሳት እምቢ አለች፤ ከፍያለች ቁልፉን ስታዞር አንዴ «ጠቅ» ትልና ዝም። እኔ፣ የሕንፃው ዘበኛና ሁለት መንገደኞች እየገፋን እስከ ዳቦ ቤቱ እንወስዳታለን፤ እዚያ ትነሳለች። ዳቦ ጋጋሪው ሰዓቱን የሚሞላው በእኛ ነው ይባላል።

ባትሪ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። ዲናሞው ተፈትቶ ተጠገነ። የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኡስታ ፋትሂ ግማሽ ቀን ሲመረምራት ውሎ፣ ሽቦዋ ሁሉ ደህና ነው፣ ያለባት የሰው ዓይን ነው አለና ከመስታወቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ አንጠለጠለ። ላቀች የምትባል፣ ሸይኽ ዛይድ የምትሠራ የደሴ ልጅ አለች፤ ምላሷ መርፌ ነው። ዶቃውን አይታ፣ ኡስታ፣ ይሄ የስንት ወር ዋስትና አለው? ብላ ጠየቀችው። ኡስታ ፋትሂ አልሳቀም። መኪናዋም በሚቀጥለው እሑድ አልተነሳችም።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ኅዳር ነው። አንድ እሑድ ግፊውም አልሠራ አለና አምስቱ ሴቶች ከግቢያቸው በር ላይ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሁለት ሰዓት ቆሙ። የአንዷ እመቤት፣ በር ላይ ለመቆም ከሆነ ቤት ሆነሽ ሥሪ ብላ መልሳ አስገባቻት። ከፍያለች ያን ቀን ማታ መሪው ላይ እጇን እንዳደረገች፣ በሚመጣው እሑድ በራሷ ካልተነሳች ኸላስ፣ በቃ፣ ሰኞ ለሮባቤኪያው እሰጣታለሁ አለችኝ። ሮባቤኪያ ማለት ጋሪ እየገፋ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነው፤ እንደ መኪና ሳይሆን እንደ ብረት መዝኖ ነው የሚወስዳት። አባቴን ሁለተኛ የምቀብር መሰለኝ፣ ግን ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሰውን በር ላይ እያቆሙ መኖርም አይሆንም አለች። እኔም ቤቴ ገብቼ አሰብኩ፤ መኪናዋ ሰኞ ከሄደች እሑዶቼም አብረው መሄዳቸው ነው።

በዚያ ሳምንት ነው አባባ ትዝ ያለኝ። አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ሲጯጯህ እሱ ወንበር ስቦ መጀመሪያ መቼ እንደጠፋ፣ መቼ እንዳልጠፋ ይጠይቅ ነበር። «ኤሌክትሪክ አይሰርቅም፤ በር የከፈተለት ሰው አለ» ይል ነበር። እኔም ወንበር ስቤ መቼ መቼ እንዳልተነሳች ሳይሆን መቼ እንደተነሳች አሰብኩ። ላቀች ጥርሷን ታማ ሐሙስ ዕለት ሐኪም ጋ የወሰድናት ሳምንት፣ እሑድ ጧት መኪናዋ ያለ ግፊ ተነስታ ነበር። ስለዚህ ባትሪው በሦስት ቀን አያልቅም፤ በስድስት ቀን ግን ያልቃል። ትልቅ ሌባ ቢሆን በአንድ ሌሊት ይጨርሰው ነበር። ይህ ቀስ ብሎ፣ በማንኪያ የሚቀዳ ሌባ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞተሯ ላይ ጎንበስ አልኩ። ከባትሪው የኔጋቲቩን ሽቦ ፈታሁና በሽቦውና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አስገባሁ፤ አባባ በመሳቢያሽ ውስጥ ከማንኪያዎችሽ ጋር ያስቀምጣት የነበረችው ዓይነት። ቁልፉ ወጥቷል፣ በሮቹ ተዘግተዋል፣ ሁሉም ነገር ጠፍቷል። አምፖሏ ጨርሳ መጥፋት ነበረባት። እሷ ግን ፈዘዝ ብላ በራች። ሌባው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ከፍያለች አምፖሏን እያየች «አለ» ትላለች፤ እመልሰዋለሁ። ሌላ እነቅላለሁ፤ «አለ» ትላለች። አራተኛውን ስነቅል ዝም አለች። ምነው? ብዬ ቀና ስል፣ ጠፋ፣ እኔ ግን ማመን ፈርቼ ነው አለችኝ።

ያ ፊውዝ መብራት የሚሰጠው ለአራት ነገሮች ብቻ ነው። አንዱ ሰዓቱ ነው፤ እሱ ከአባቷ በፊት ሞቷል። ሁለተኛው የጣሪያው መብራት ነው፤ ጠፍቷል። ሦስተኛው የኋላው ዕቃ መጫኛ መብራት ነው፤ አምፖሉ ከተሰረቀ ቆይቷል። አራተኛው ከፊት ወንበር ትይዩ ያለችው ባለክዳን ሣጥን ውስጥ የምትበራዋ ናት። ከፍያለች ሣጥኗን ከፍታ፣ ይኸው በደንብ ይሠራል አለችኝ። ኡስታ ፋትሂም እንደዚሁ ከፍቶ አይቶ ነው ያለፋት። ሲከፍቷት መብራት አለባት፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥራትም። ተዘግታ የምታደርገውን ማን ያያል?

ጋቢዬን አምጥቼ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩና ራሴንም ሣጥኗንም አንድ ላይ ሸፈንኩ፤ ልክ አንቺ ጉንፋን ሲይዘኝ በባሕር ዛፍ ቅጠል እንደምታጥኚኝ። ዘበኛው መጥቶ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ሲል ከፍያለች፣ ሐኪም ነው፣ እየመረመራት ነው አለችው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በክዳኗ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ ብርሃን አየሁ። ክዳኗን በእጄ ብነካት ሞቅ ብላለች። ነይ እዪ አልኳት፤ ከፍያለችም ከሾፌሩ ወንበር በኩል ገብታ ጋቢው ሥር ራሷን አስገባች። ትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ያችን ክር ስናይ ቆየን። ከዚያ ዘበኛው፣ በሽታው ተላላፊ ነው እንዴ? አለና ወጣን።

ነገሩ ቀላል ነበር። ሣጥኗ ከመጠን በላይ ታጭቃለች። ክዳኗ ይያዛል እንጂ መሐሉ ስለሚያብጥ፣ ጥግ ላይ ያለችውን መብራት ማጥፊያ አይጫናትም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌትም፣ ተዘግታ ትበራለች።

በምን እንደታጨቀች መቼም ገምተሻል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ደብዳቤ የሚሰበሰበው ከፍያለች ጋ ነው። ሴቶቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ያቀብሏታል፤ ከሣጥኗ ትከታለች፤ መንገደኛ ሲገኝ እፍኝ አድርጋ ከላይ ታነሳለች። እኔ ከሁሉ በፊት ስለምገባ ደብዳቤዬን ከሁሉ በፊት እሰጣለሁ፤ ከሥር እተኛለሁ። በላዬ የአምስት ሴቶች ደብዳቤ፣ ሁለት ሻሽ፣ አንድ ዳዊትና የመዝሙር ካሴት ይቆለላል። ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ የተባለው በኔ ተፈጸመ። ያን ሁሉ አውጥተን ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ስንደረድር ከሥር የተኙት የኔ ብቻ ነበሩ፤ የመስከረሙ፣ የኅዳሩ፣ የታኅሣሡና የየካቲቱ። ወረቀታቸው ከአምፖሏ ሙቀት ቡናማ ሆኗል። አየሽ እማዬ፣ ደብዳቤዎቼ አንቺ ጋ ባይደርሱም፣ በጨለማ አልተቀመጡም።

ከፍያለች ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እናትህን ያስቀየምኩት እኔ ነኝ፣ ማሌሽ አለች፤ ደጋግማ። መኪናዋን ስላዳንናት ልቀየማት አልቻልኩም።

ነገር ግን የጻፍኩልሽ አምስት ነበር። የመጋቢቱ የለም። በዚያ ደብዳቤ ልጅ እናቱን ሳይጠይቅ የማይወስነውን አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር። መልስ ሲጠፋ፣ በፋሲካም ስልኩ ጋ ሳትመጪ ስትቀሪ፣ ዝምታሽን እምቢታ ነው ብዬ ቆጠርኩት፤ ነገሩንም ለሚመለከታት ሰው ትንፍሽ ሳልል ተውኩት። ከፍያለችን፣ አንድ ይጎድላል አልኳት። እሱ ሄዶ ይሆናላ አለችና የመኪናዋን ጎማ ታይ ጀመር። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

እሑድ ጧት ሴቶቹ ዘንድ ለመሄድ ስንነሳ ከፍያለች የመኪናዋን ቁልፍ አንዴ ብቻ ነው ያዞረችው። ተነሳች። ዘበኛው ለመግፋት እጀታውን ጠቅልሎ ቆሞ ስለነበር ቅር ያለው መሰለኝ። ሸይኽ ዛይድ ስንደርስ ላቀች ሰዓቷን አይታ፣ እንዲህ ቀድማችሁ ከመጣችሁ እኔ መቼ ልታጠብ ነው? አለችን። ስለሮባቤኪያው ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳም።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሲሰነባበቱ፣ እኔ የፊውዞቹን ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ክዳናቸው ላይ ለጠፍኩ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ከኔ በቀር የሚያነበው ስለማይኖር ለራሴ ማስታወሻ ብዬ ነው። ከፍያለች አማርኛ ትናገራለች እንጂ የተማረችው ዐረብኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ሀሁ እንዳልቆጠረች ራሷ ነግራኛለች። ደብዳቤዎቼንም ሳላሽግ የምሰጣት የዚያን ያህል ተማምኜ ነው። አንቺም በሰው የሚላክ ደብዳቤ አይታሸግም፣ ማሸግ ተሸካሚውን መጠርጠር ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ። ታዲያ ከፍያለች ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «የፊት ሣጥን መብራት፤ አይነቀል» ብላ አንድም ሳትደነቃቀፍ አነበበችው። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እሷም ምን እንዳደረገች ያኔ ገባትና፣ ላቀችን ልጥራት ብላ ሄደች።

ላቀችን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ፊደል መቼ ተማረች? አልኳት። ካለፈው ገና ጀምሮ፣ መኪናዋ እምቢ ብላ በቆምንበት ሁሉ እኔ አስተምራታለሁ፤ ስንት እሑድ እንደቆምን አንተው ታውቃለህ አለችኝ። በምን መጽሐፍ? አልኳት። መጽሐፍ ከየት መጥቶ? መኪናው ውስጥ በተገኘ ወረቀት ነው እንጂ፤ በራሴ ደብዳቤ ጀመርን፣ የኔ ሲያልቅባት… አለችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። ከፍያለችም አልነገረችኝም። ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ከፊት ወንበር ስቀመጥ ሁለታችንም ያለ ምክንያት ሣጥኗ መዘጋቷን እንፈትሻለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከፍያለች የአባቷን አገር አይታው አታውቅም። ለገና ሰላሌ ዘመዶቿ ዘንድ ልትሄድ ትኬቷን ቆርጣለች፤ በመንገዷም አንቺ ጋ ትገባለች። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እሷ ናት። ቀድሞ የተጻፉትንም እኔው በእጄ አደርሳለሁ፣ የሠራሁትን በደል እኔው እክሳለሁ ብላ ይዛቸዋለች። ብርድ አትችልም፣ በርበሬም ሲበዛባት ዓይኗ ያለቅሳል፤ አትሳቂባት።

ይህኛውን አሽገዋለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስሰጣት የታሸገውን አፉን አይታ ፈገግ እንደምትል ከአሁኑ ይታየኛል። ጠርጥሬያት አይደለም፤ ካነበበችው የምትሰጥሽን ቁጥር ታስተካክለዋለች ብዬ ነው። ይህ ሳይቆጠር፣ ከሣጥኗ ከወጡት እኔ የሰጠኋት አራት ነው። አራት ከሰጠችሽ፣ እንግዳሽ ናትና በደንብ አስተናግደሽ ወደ ዘመዶቿ ሸኚልኝ። አምስት ከሰጠችሽ ግን፣ አምስተኛዋን ከመክፈትሽ በፊት መጀመሪያ እሷን መርቂያት።

እስክትመለስ መኪናዋን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቁልፉን ትታልኝ ነው የምትሄደው፤ በየሁለት ቀኑ አስነሳታለሁ።

ጉልበትሽን ሙቀት ያድርግልሽ፤ ደጃፍሽን የመልካም እንግዳ ያድርገው። የአባባን ነፍስ ይማርልን። ቅያሜሽን ለጎረቤት ሳታተርፊ ጨርሰሽ ጣይልኝ፤ እኔ የኔን ጥያለሁ።

በደብዳቤ የዘገየብሽ፣ በልቡ ግን አንድ ቀን ያልራቀሽ

ልጅሽ