ለጋኔሽ የደረሰው የሠርግ ጥሪ

ለእታለም ዳፑ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ያንን የበረሃ ብርድ እንዴት ቻለው? ልጆቹስ? ግመሏስ ወለደች? እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽ ወገቤ ይታዘበኛል፤ ብቻ አለሁ።

መሪ እንደጨበጥኩ ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። ዴልሂ፣ አግራ፣ ብሃራትፑር፣ አሁን ራንታምቦር። መቃብር አሳይ፣ ቤተ መንግሥት አሳይ፣ ወፍ አሳይ። የያዝኳቸው ጎብኚ ባልና ሚስት ክፉ አይደሉም፤ ግን ባለ መስመሩን ነብር ሳናይ አንሄድም ብለው አራት ማለዳ ጫካው በር ላይ በብርድ አስጠበቁኝ። ያገኙት አጋዘን ብቻ ነው። ሰውዬው ነብሩን እኔ የደበቅኩበት ይመስል ያኮርፈኛል። ደክሞኛል፣ እታለም።

ትናንት ምሽጉ ላይ ወዳለው የባለ ዝሆን ራሱ አምላካችን የጋኔሽ ቤተ መቅደስ አወጣኋቸው። ሠርግ ደጋሽ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ይጠራ የለ፤ ፖስተኛው እንደ ልማዱ የሠርግ ጥሪዎችን በጆንያ አምጥቷል፤ ካህኑ አንድ በአንድ ለጋኔሽ ያነባሉ። ከአንዱ ላይ የመንደርሽን ስም ሰማሁ። ቀጥለው «ሙሽሪት ሱግና» አሉ። ከዚያ «አጎቷ ራምኬሽ»። የእኔው ስም። ካህኑ አይተውኝ፣ «አንተ ሹፌር፣ ሰው ነብር አይቶ ይገረጣል፤ አንተ ምነው ካርድ ሰምተህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ልጅሽን ስትድሪ ለአምላክ ጽፈሽ ለእኔ አልጻፍሽም። አልፈርድብሽም። ባልሽ የሞተ ጊዜ የደረስኩት የሐዘኑ መዝጊያ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። «እንግዶች ይዘውኝ» አልኩሽ። ማንም አልያዘኝም፤ ያንቺን እንባ ማየት ፈርቼ ነው።

በወጉ እህት የሸንኮራ ስኳር ይዛ ወንድሟ ደጅ መጥታ ካልጠራችው፣ የአጎትን ስጦታ ይዞ አይሄድም። አንቺም አልመጣሽም። ስሜን ግን ከካርዱ ላይ አላወጣሽውም። እኔም ሳይጠሩት አቤት ቢሉኝ ግድ የለኝም፤ ወንድም ለእህቱ የሚያለብሰውን ቀዩን መጎናጸፊያሽን ገዝቻለሁ። ስልክ ስለማታነሺልኝ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመጣ የጭነት መኪና ልኬዋለሁ። ለእንግዶቹም ሌላ ሹፌር አገኘሁላቸው። ሰውዬው፣ «ነብር ሳናይ ጥለኸን?» ቢለኝ፣ «ጌታዬ፣ እኔም እህቴን ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው» አልኩት።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ደጅሽ ላይ ነኝ። እህት ወንድሟን በወጉ ስትቀበል የምታቆምበትን በርጩማ ካወጣሽልኝ እቆምበታለሁ። ካላወጣሽው መሬት ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ እንደሆነ ሥራዬ ነው።

አማትሽን እግራቸውን ሳሚልኝ። ትንሹን ዴቫን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ሱግናን ግን አንቺ አትሳሚልኝ፤ እሷን ራሴ ልስማት።

ወንድምሽ ራምኬሽ
ሳዋይ ማዶፑር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.