የተዝካሬ ዱባ

ጥር ፫ ቀን ፲፱፻፴፩
ይሞታል ብለው ግቢዬን ተካፈሉት። አልሞትሁም።
ሁለት ወር በንዳድ ተኝቼ ነበር። ዛሬ በትር ይዤ ወጣሁ። ጓሮዬ በሙሉ ተቆፍሮ መደብ መደብ ወጥቶለታል። ባሚያ፣ ሽንኩርት፣ ኩድራ የሚሉት የሱዳን ጎመን... በኔ ጕድጓድ ውሃ። ለጎረቤቶቼ የፈቀደችላቸው የወንድሜ ልጅ አገኘሽ ናት። ወንዝ ዳሩን ጣልያን ለካምፕ ካጠረው ወዲህ የመተማ ሰው መትከያ አጥቷል አለችኝ። እና የኔ ጓሮ ምን አደረገ?
አጥሩ ሥር ያለው ዱባ የራሷ ነው። ለምን ተከልሽው ብላት አንገቷን ደፋች። ጎረቤቴ ሐሚዳ መለሰችልኝ። "ለተዝካርዎ ነው አባ ሰጠኝ። ሰው ሲመጣ ወጥ እንዳይጐድል።"
ለተዝካሬ።

ጥር ፬
በሁሉም ፊት በጊዮርጊስ ማልሁ። ከነዚህ መደቦች የበቀለ ነገር ከአፌ አይገባም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጓሮዬን ለቀው ይውጡልኝ።
ከተካፈሉት አንዱ፣ ጎጃሜው አዛናው፣ "እስከዚያ ምን ሊበሉ ነው አባ?" አለ።
"ሽሮ።"
"ጓሮ ሙሉ ጎመን ይዘው?"
ባለጌ ነው።

ጥር ፲፱
በርጩማዬን አውጥቼ ጓሮው መካከል ተቀመጥሁ። ልጠብቃቸው እንጂ ለወሬ አይደለም። ሰባት ቤት ናቸው። ባሚያ እንዲህ አይቆረጥም፤ አሳየኋቸው። ውሃ እንዲህ አይደፋም፤ አሳየኋቸው። ከጧት እስከ ማታ ጮህሁ። ከዚያ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም... ጩኸት ለጤና ነው መሰለኝ።

የካቲት ፲፪
ዳፍንቴ ብሶብኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኔም አብሯት ይጠልቃል። ትናንት አገኘሽ መስላኝ የሐሚዳን ፍየል ስቈጣ ቆየሁ። ፍየሏ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከአገኘሽ ትሻላለች።
ሐሚዳ ዱባና ኩድራ ለዓይን መድኃኒት ነው ትላለች። ዓይኔ ይጥፋ፤ ቃሌ አይጠፋም።

መጋቢት ፪
የዱባው ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ ጣሪያዬ ላይ ወጥቷል። አራት ዱባ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ጣሪያው የኔ ነው። ሣሩንም ያጨድሁት እኔ ነኝ። የማልሁት ስለ መደብ ነው... ስለ ጣሪያ አንድ ቃል ወጥቶኛል? አልወጣኝም።
ጾሙም ረዝሟል።

መጋቢት ፫
ጣፋጭ ነው።

መጋቢት ፳፮
ተያዝሁ።
ፀሐይ ገብታ ነበር። ሰዎቹ ውሃ ያጠጣሉ። ከበርጩማዬ ሳልነሣ፣ "አዛናው፣ የያዝኸው መኰትኰቻ የኔ ነው፤ መልስ" አልሁ።
ሁሉም ዞሮ አየኝ። አዛናው የቆመው አጥሩ ጥግ ነው። እጁን ወደ ኋላው አደረገ። "አሁንስ ምን ይዣለሁ?"
"ምን ትደብቃለህ? እጅህን አውጣ።"
ሐሚዳ ቀና ብላ ጣሪያዬን አየችው። አንድ ዱባ ብቻ ቀርቶታል። "ሦስቱን ፍየሌ ወጥታ በልታቸው ይሆን፣ አባ ሰጠኝ?" አለች።
አገኘሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርቱን አበላሸችው።

መጋቢት ፳፯
የንስሐ አባቴ መምሬ ውባንተ ዘንድ ሄድሁ። ጣሪያው የኔ መሆኑን ደኅና አድርጌ አስረዳሁ።
"ሥሩስ የት ነው?" አሉኝ።
"...መደቡ ላይ።"
"እንግዲያ መሐላህን ቀቅለህ በልተሃል።"
ፈቱኝ። ቀኖናዬ ዝናብ እስኪጥል ድረስ በየማታው የሰባቱን ቤት መደብ ማጠጣት ነው። "ሲመሽ ታያለህ አሉ፤ አይከብድህም" ብለው ሳቁ። ወሬው ቀድሞኛል።

ግንቦት ፭
ጉልበቴ ማመሙን አቁሟል። መቼ እንዳቆመ አላውቅም። ሐሚዳ ሦስተኛው መደብ በደንብ አልራሰም ብላ ጮኸችብኝ። መጮህ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ተምራለች።

ሰኔ ፲፫
ትናንት በሚካኤል ዝናቡ ጣለ። ዛሬ ጧት ሰባቱም ቤት ዕቃቸውን ተሸክመው ሊሰናበቱኝ መጡ። ዝናብ ሲጥል ውጡ ብለዋል፣ ቃል ቃል ነው አሉኝ። ጓሮውን አየሁት። በርጩማዬን አየሁት። ነገ ማን ላይ ልጮህ ነው?
"መምሬ ከመሐላዬ ፈትተውኛል" አልሁ።
አዛናው፣ "የፈቱዎ ከመብላቱ ነው። ውጡ ያሉትስ?" አለ።
"ባንድ ቀን፣ ባንድ አፍ የተማለ ነው። አንዱ ከተፈታ ሌላውም ተፈቷል። ወደ መደብህ ሂድ። መኰትኰቻዬንም መልስ።"
አገኘሽ አጥር ሥር የቀረውን ዱባ ሁሉ ሠራችው። ሥጋ የለበትም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ካንድ ትሪ በላ። የተዝካሬን ዱባ በቁሜ በላሁት። ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።
ሐሚዳ ዘሩን በጨርቅ ስትቋጥር አየኋት። "ለከርሞ ነው?" አልኋት።
"ለተዝካርዎ ነው" አለች።
ጥልቅ አድርጋ ትትከለው፤ ቶሎ አይብቀል።
ግቢዬን እንደ ቀሙኝ ከዛሬ ወዲያ አልናገርም፤ አልጽፍምም። አልማልሁም። ግን አልናገርም።