ሰርቮውን ለምን እንዳወረድኩት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ከዚህ በላይ ግን ሰላምታውን አላስረዝመውም፤ ተናድጄብሃለሁ። በስልክ እንዳልጮህብህ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፣ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የፍሬኑን ሰርቮ አውርጄዋለሁ። አዎ፣ አትንኪው ያልከኝን። ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፣ ምን አደረገሽ ትለኛለህ። የመጣውማ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ነበር! ቤንዚኑ አየር ይስብለታል፣ እሱም ፍሬን የሚረግጠውን እግር ያግዛል። እኔና አንተ ግን ያን ሞተር አውጥተን የናፍጣ ሞተር ጫንንበት። ናፍጣ እንደዚያ አይስብም። ይህን ያስተማርከኝ አንተው አይደለህም እንዴ? ታዲያ ያ ድስት የሚያክል ቆርቆሮ እዚያ ተገትሮ ምን ይሠራል? ለጌጥ ነው?

ሞክሬዋለሁ፣ ይይዛል አልከኝ። ይይዛላ! በባዶ መኪና፣ በሜዳ፣ በዚያ ጉልበትህ ረግጠኸው ለምን አይይዝም? አየር መሳቢያ ፓምፕ ለብቻው እንግጠምለት ስልህ ቦታ የለም አልክ። በመሪው ዘይት ፓምፕ የሚሠራውን ሰርቮ ስልህ ደግሞ ፓምፑ ሲሞት መሪውም ፍሬኑም ይሞታሉ ብለህ ድርቅ አልክ። ሞተር ቢጠፋ እንኳ ለጥቂት ርግጫ የሚበቃ ግፊት ያስቀራል ብዬ ባስረዳህ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አባባ እኮ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በአንድ እግራቸው ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው ትላለህ። ለመሆኑ መቼ ነው በደንብ ያየሃቸው? እስቲ መጥተህ ጋቢና ሲገቡ እያቸው። ቀኝ እግራቸውን ሱሪያቸውን ይዘው በእጃቸው ነው የሚያስገቡት። እያየኋቸው ከሆነ መስታወት መጥረግ ይጀምራሉ። ባለፈው ውሃ ጭነን ቁልቁለቱን ስንወርድ ፔዳሉ አልረገጥ ቢላቸው የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት እኔ ነኝ። ስንቆም ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ ልጄ አሳምሮ ነው የሠራው አሉኝ።

አይንዱ በያቸው እንዳትለኝ። እግራቸው ከደከመ በኋላ ምግብ መቅመስ የጀመሩት እንደገና መሪ ከጨበጡ ወዲህ ነው።

አሁን በመሪው ዘይት የሚሠራውን ገጥሜዋለሁ። ፔዳሉ ገና ሲነካ ይታዘዛል። ማን አዘዘሽ ሲሉኝ አንተ ነህ ብያለሁ። ደስ ሲላቸው ብታያቸው! ሰሞኑን ደውለው ይመርቁሃል። ምንም ሳትጠይቅ አሜን በል።

ፈጣሪ ጤና ይስጥህ፤ ልብም ጨምሮ ይስጥህ። በሰላም ያገናኘን።

ያስቆጣሃት እህትህ