ዘጠነኛው ሳህን

መስከ. 12፣ ጠዋት 1 ሰ.
ገብስ አጥቤ ጨረስኩ። የሚበላ መስሎህ ከሆነ ደብተሬ፣ አይበላም፤ ይዘራል። ሳሎን ውስጥ! የማዳም እናት ከህንድ ከመጣች ሳምንቷ ነው፣ ቤቱን ገለባብጣዋለች። (አንቱ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ አልወጣም።) ነገ ዘጠኙ የዱርጋ ቀናት ይገባሉ። ዱርጋ ማለት አምላካቸው ናት፣ የሁሉ እናት ይሏታል። ሥዕሏ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰቅሏል። አንበሳ ላይ ተቀምጣለች፣ ስምንት እጅ፣ በየእጇ መሣሪያ። እግሯ ሥር የሸክላ ዕቃ፣ አፈር፣ ገብስ። በዘጠኝ ቀን ጥሩ ከበቀለ ቤቱ ይባረካል አሉ። ውሃ የምታጠጣው ሚራ ናት። የእኔዋ ሚራ።

መስከ. 13
ሚራ አምስት ዓመቷ ነው። ማዳም ሱቅ ስለምትውል ከአራስነቷ ጀምሮ እዚህ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አማርኛ አስተምሬያታለሁ። እማ ነው የምትለኝ። ነበር። ዛሬ አያቷ ከለከለቻት። ማዳም በፈረንሳይኛ አስረዳችኝ፣ እያፈረች፦ ልጅ እናት ብላ የምትጠራው የወለደቻትንና ዱርጋን ብቻ ነው። በስሜ ትጥራኝ። ምሳ ላይ "ፅጌ፣ ውሃ" አለችኝ። ውሃውን ሰጥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። በእነዚህ ቀናት ሽንኩርት አይበሉም። እንባዬን የማሳብብበት አጣሁ።

መስከ. 15
ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ። በሥዕል! ሚራ ከት/ቤት ስትመለስ እኔ ላይ ነበር የምትጠመጠመው፤ አሁን ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ዱርጋ። ተረቱም ከአያቷ ሆኗል። በጎሽ መልክ የሚመጣ ጭራቅ አለ፤ ወንዶቹ አማልክት ሁሉ አቃታቸው፤ መሣሪያቸውን ለዱርጋ ሰጧት፤ ዘጠኝ ቀን ተዋግታ ገደለችው። ሚራ ስትተርክልኝ ዓይኗ ይበራል። ደስ አይልም አልልም። ግን ስምንት እጅ ይዞ ጎሽ መግደል ምኑ ይገርማል? እኔ ኩፍኝ ሲይዛት በሁለት እጄ ነው ያስታመምኳት።

መስከ. 16፣ ከቀኑ 6 ሰ.
ክፉ ሥራ ሠራሁ። ሁሉም ወጥተዋል። ገብሱን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ደንቡ ጥላ ውስጥ ነው። የጅቡቲን ፀሐይ ታውቀዋለህ። ይለብልበው፣ የሁሉ እናት ታድነው እንደሆነ አያለሁ አልኩ።

8 ሰ.
አላስቻለኝም። ሚራ ስታለቅስ ታየኝ። አንድ ጆግ ውሃ አፍስሼበት መልሼ አስገባሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለዚያውም በደመራ ቀን።

መስከ. 18
ጉድ ስማ። ጨለማ ውስጥ ገርጥቶ የነበረው ገብስ አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ። አያትየዋ አጨበጨበች፣ ዱርጋን አመሰገነች፣ ሚራ ሥዕሏን ሳመች። ፀሐይ ያሳየሁት እኔ! ያጠጣሁት እኔ! ገበሬ ቤት ያደግኩት እኔ! ደግሞ መናገር አልችልም፤ ለምን አወጣሽው ብባል ምን ልል ነው? እርር ድብን አልኩ።

መስከ. 20
ስምንተኛው ቀን። ትንንሽ ሴት ልጆችን ዛሬ እንደ ዱርጋ ራሷ ያከብሯቸዋል። ዘጠኝ መሆን አለባቸው። እዚህ ከተማ የህንድ ቤት ጥቂት ነው፣ ከነሚራ ስምንት ተገኙ። አያትየዋ መሬት ቁጭ ብለው የእያንዳንዷን እግር አጠቡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ካየሁ በኋላ አንቺ ማለት አልቻልኩም። በየሳህኑ ሽምብራ፣ የተጠበሰ ቂጣ፣ በስኳር የተሠራ ገንፎና ቀያይ አምባሮች ቀረቡ። ዘጠነኛው ሳህን ባለቤት አጥቶ ቀረ።

አያትየዋ አዩኝ። በማዳም በኩል ጠየቁኝ፦ ሴት ልጅ አለሽ? አዎ፣ አንዲት አልኩ። ስንት ዓመቷ ነው? ሰባት። የት ናት? ኮምቦልቻ፣ እህቴ ጋ። እዚህ ብትሆን እግሯን አጥብላት ነበር አሉ። ከሳህኑ ላይ ቀያይ አምባሮቹን አንሥተው ለእሷ ብለው ሰጡኝ።

ስለ ሐና ጽፌልህ አላውቅም አይደል? ስመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር።

መስከ. 21
ደወልኩ። ሐና አነሣች። "እማ፣ ፅጌ ናት!" ብላ ስልኩን ለእህቴ ሮጣ ሰጠቻት። እህቴ ደነገጠች፣ ልትቆጣት ሞከረች። ተያት አልኩ። ሐናን ማን ከለከላት? ማንም። እግሯን የምታጥበው እህቴ ናት። በሥዕልስ ቀናሁ፤ በእህቴ እንዴት ብዬ ልቅና? ቀናሁ ግን። ማዳምም አምስት ዓመት ሙሉ ከሱቅ ደክማ ስትመለስ ሚራ እኔን እማ ስትል ትሰማ ነበር ለካ። አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም።

መስከ. 22፣ ጠዋት
ልሄድ ነው ብዬ ማዳምን ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ። ዶራሌ ወደብ ጭኖ ኮምቦልቻ የሚያራግፍ ሹፌር አውቃለሁ፣ ቅዳሜ ይወጣል። ሚራ ከገብሱ ቆርጣ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ፤ ዘጠኙ ቀን ሲያልቅ እንደዚያ ነው ደንቡ። የት ነው የምትሄጂው አለችኝ። ልጄ ጋ አልኩ። አምባሮቹን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ይስፏት ይጥበቧት አላውቅም። የሐናን እጅ አላውቀውም።

ሄጄ እለካዋለሁ።